ሰንጠረዥ በአቦቦ ሬዲዮ

ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አልለመነኝም። ያደግሁት ጋምቤላ ከተማ፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ፣ የገዢና የሻጭ ንትርክ እየሰማሁ ነውና ሁለት ሰዎች ሳይስማሙ ጨዋታ ሲጀምሩ ካየሁ እጄን ይበላኛል። ዛሬ ሰው በስልኩ ከማያውቀው አገር ሰው ጋር ቼዝ ሲጫወት፣ የተሸነፈ ከውድድሩ ሲወጣ፣ ደንቡንም ስልኩ ራሱ ሲያስከብር ሳይ፣ «ይኼን እኮ እኛ በመኪና ባትሪ አድርገነዋል» እላለሁ። የሚያምነኝ የለም። የእኛን ደንብ የሚያስከብረው ደግሞ ማሽን ሳይሆን የእኔ ምላስ ነበር።

ክልላችን ገና ክልል አሥራ ሁለት ይባል በነበረበት ጊዜ የአቦቦ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። ክልሉ አዲስ ነው፣ ማኅተማችን ግን አሮጌ ነው፤ ሁሉም ነገር ይመጣል እየተባለ የሚጠበቅበት ጊዜ ነበር። ያለኝ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ ሬዲዮው፣ ባትሪውና ጣሪያው ላይ ያለው የፀሐይ ሰሌዳ ነው። ጠዋት ጠዋት መልእክት አስተላልፋለሁ፤ ስብሰባ ተጠራ፣ የወባ መድኃኒት አለቀ፣ አልዌሮ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ተቆረጠ። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮው ሲዘጋ መስመሩ ላይ የምንቀረው እኛ ኦፕሬተሮቹ ብቻ ነን፤ የጋምቤላው ማዕከል፣ ከየወረዳው የጎጉ፣ የኢታንጉ፣ የዲማውና እኔ። መጀመሪያ ሐሜት ነበር። ሐሜቱ ሲያልቅብን ቼዝ ጀመርን።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ጎራ ይሉ ነበር። በሰፈራው ዘመን ከወሎ ከመጡት ናቸው፤ ቤታቸው ከአቦቦ ወጣ ብሎ፣ በሰፋሪዎቹ መንደር ነው። አባባ እላቸዋለሁ። ሰላምታቸውን በወጉ አድርሰው ሲያበቁ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ ከዲማ ወሬ አለ ወይ? ወንድ ልጃቸው መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን ወርቅ ፍለጋ ዲማ ገብቶ ድምፁ ጠፍቷል። ያኔ ብዙ ሰፋሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ሚስታቸውና ሴት ልጆቻቸውም ተመለሱ። እሳቸው ቀሩ። ለምን እንደቀሩ ስጠይቃቸው፣ ልጁ ሲመጣ ቤቱን ባዶ ካገኘው ወዴት ይሄዳል አሉኝ። አንድ ጊዜ በእግራቸው ሊፈልጉት ወጥተው፣ መንገዱ ሰላም አልነበረምና ከጎግ መልሰዋቸዋል።

በሬዲዮ የግል መልእክት ክልክል ነው። ቢሆንም የዲማውን ኦፕሬተር የልጁን ስም ጠቅሼ ጠይቄው ነበር። እንዲህ የሚባል ሰው አይታወቅም አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ ወርቅ ቆፋሪ ስሙን እንደ ሸሚዝ ነው የሚቀይረው። ለአባባ ስነግራቸው «ኸይር ነው» ብለው ስኳራቸውንና ጨዋቸውን ይዘው ወጡ፤ በሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ ይዘው መጡ።

አንድ ቅዳሜ ከጎጉ ኦፕሬተር ጋር ቼዝ ስጫወት ደረሱ። ቦርዴ ካርቶን ነው፣ ጠጠሮቹ የለስላሳ ቆርኪ። ቆመው አዩና አዩና፣ «ይኼማ ወረፋ ነው እንጂ ጨዋታ ነው?» አሉኝ። ተናደድኩ፤ ያስተማሩን የሁለተኛ ደረጃ መምህራችን ናቸው፣ እኚህ ደግሞ ማን ሆኑና! በሳምንቱ ቀይ ጨርቅና በእጃቸው የጠረቧቸውን ጠጠሮች ይዘው መጥተው ሰንጠረዥን አስተማሩኝ። ሰንጠረዥ የጥንቱ የእኛ ቼዝ ነው። ንጉሥ አለው፣ ከጎኑ ፈርዝ የሚባል አለ፣ ፈረስ አለ፣ ፊት ፊት የሚሄዱት እግረኞች መደቅ ይባላሉ። ፊል የሚሉትም አለ፤ ዝሆን ማለት ነው፤ በሰያፍ አንድ ቤት ዘልሎ ያርፋል፣ መሐል ላይ የቆመውን ከቁብ አይቆጥረውም። ልዩነቱ ግን አጀማመሩ ነው። ወረፋ የለም። ሁለቱም ተጫዋች ባንድ ጊዜ፣ እጅ በእጅ እየተያየ፣ እንዳሻው ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ይህን ወረራ ይሉታል። ተራ በተራ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው።

ለኦፕሬተሮቹ ሳወራላቸው ሁሉም በአንድ እግሩ ቆመ። ወረራውን በሬዲዮ ማካሄድ ግን ጉድ ነበር። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ የመናገሪያውን ቁልፍ ከተጫነ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። የጎጉና የኢታንጉ በመጀመሪያው ቀን ተጣልተው ሳምንት ተኮራረፉ። ያኔ ነው ደንብ ላውጣላችሁ ያልኩት።

በወረራ ጊዜ አንዱ ሦስት ይንቀሳቀስና «ተቀበል» ይላል፣ ሌላውም ሦስት ይንቀሳቀሳል፤ መብላት ከተጀመረ በኋላ አንድ አንድ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በሬዲዮ የተነገረ አይመለስም። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ዝም ያለ ተራው ያልፈዋል፤ ደመና ባትሪውን ካደከመበት ግን ይማራል። ቦርዱ አጠገብ የቆመ ሰው አፉን ይያዝ። የተሸነፈ ይወጣል፤ ማልቀስ የለም፣ ድጋሚ የለም። ቤቶቹን በሀ ሁ እንዳንሰይማቸው ሀ እና ሐ በአየር ላይ አይለዩም፤ ስለዚህ ረድፎቹን በወንዝና በአዝመራ ጠራናቸው፤ ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎ፣ አኮቦ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሰሊጥ፣ ማንጎ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው እንኳ ግራ አልገባውም። ተጫዋቹ ኦፕሬተሩ ራሱ መሆን የለበትም፤ ወረዳው ያሻውን ያሰልፍ። እኔ አባባን አሰለፍኩ። ዳኛው የጋምቤላው ማዕከል ሆነ፤ ሥልጣን ነፍሱ ነውና ደስ አለው።

ለጎግና ለኢታንግ ጨዋታውን በየቅዳሜው ሳስተምር ከረምኩ። የዲማው ኦፕሬተር ግን ማስተማር አያስፈልግሽም አለኝ፤ እዚህ አንድ ወርቅ ቆፋሪ ጨዋታውን ያውቀዋል። ይህን ስሰማ ዞሬ አባባን አየኋቸው። መቁጠሪያቸውን መቁጠር አቆሙ። ስሙንና አገሩን አስጠየቅሁ። ስሙ ሌላ ነው፣ አገሩም ጎንደር። አዘንኩላቸው። እሳቸው ግን ቀለል አድርገው፣ «ስም ይለወጣል፤ እጅ አይለወጥም። ሲጫወት እንየው» አሉ።

ዕጣ ሲወጣ እኛ ከጎግ፣ ዲማ ከኢታንግ ደረሰ። አሸናፊ ከአሸናፊ ይጋጠማል። ዲማና ኢታንግ ሲጀምሩ አባባ በርጩማቸውን ከሬዲዮው አስጠግተው ተቀመጡ። የዲማ የመጀመሪያ ሦስት እንቅስቃሴ መጣ፤ ፈረስ ወደ ጊሎ ሦስት፤ ያው ፈረስ ወደ ቤቱ፤ መደቅ አንድ ወደፊት። የጎጉ ኦፕሬተር በመሐል ገብቶ ሳቀ፤ አኙዋክ ነው፣ አማርኛውን ሲቀልድ ነው የሚያሳምረው። ይኼ ሰውዬ ፈረሱ ሽንት መጥቶበት ነው ወይ አለ። እኔም ሳቅሁ። ሁለት እንቅስቃሴ ያለ ጥቅም ማባከን አይደለም ወይ? ዞር ብዬ ሳይ አባባ አልሳቁም።

«ውሃ አጠጣው» አሉ።

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ልጃቸው በልጅነቱ ሰንጠረዥ ሲማር ፈረሱን መጀመሪያ ያወጣና ይመልሰዋል። ምነው ሲሉት፣ ውሃ ሳይጠጣ እንዴት ይዘምታል ይላቸዋል። ካደገም በኋላ አልተወውም። በወሎም ሆነ በጋምቤላ፣ በዓለም ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም አሉኝ። ስሜቴን መደበቅ አልችልምና ቁልፉን ልጫን እጄን ዘረጋሁ፤ አሁኑኑ ልጥራውና ይለይለት አልኩ። እጄን ያዙኝ። ስሙን የለወጠ ሰው ምክንያት አለው፣ ከጠራሽው ይሸሻል አሉ። ምክንያቱንም ያውቁታል። አንድም ቀን አሸንፏቸው አያውቅም። አባት ለልጁ ብሎ መሸነፍ ልጁን መናቅ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከመሄዱ በፊት በነበረው ምሽት እንደገና ተሸንፎ ጠጠሮቹን በተናቸው፤ እሳቸውም፣ ሰንጠረዥ ያላሸነፈ ወርቅ ሊያሸንፍ ነው ወይ አሉት። ጠዋት አልነበረም። ለሚስታቸው እንኳ ይህን ቃል አልነገሯትም።

ስለዚህ እንዲገናኙ አባባ ጎግን ማሸነፍ ነበረባቸው፣ ዲማም ኢታንግን። እኔ ያወጣሁት ደንብ ነው፤ የተሸነፈ ይወጣል። አባባ እስከዚያ ቀን ለቀልድ ነበር የሚጫወቱት። ከዚያ ወዲያ ግን ምስኪኑን የጎግ ሰው እንደ ጅብ በሉት። ዲማም ኢታንግን አሸነፈ። የዲማ ማሸነፍ በሬዲዮ ሲነገር አባባ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጨርቁን እንደ ሕፃን ፊት በመዳፋቸው ዳበሱት።

የመጨረሻው ግጥሚያ ተጀመረ። ዲማ ፈረሱን ውሃ አጠጥቶ መለሰ። አባባም በሕይወታቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ የራሳቸውን ፈረስ አውጥተው መለሱ። እንካ፣ አውቄሃለሁ ማለታቸው ነው። ከማዶ የመልስ ምልክት አልመጣም። ቀጣዩ ሦስት መጣ፣ የእኛም ሦስት ሄደ። አባባ መብላት ሲችሉ አይበሉም፤ ለዲማም የሚበላ አይሰጡም። ማንም ካልበላ ወረራው አያልቅማ! በደንቤ ውስጥ የወረራ ማብቂያ ቀን አላስቀመጥኩም ነበር። አባባ ይህን ቀዳዳ አግኝተው ቅዳሜ በቅዳሜ ጠጠሮቻቸውን እያሰለፉ፣ እየበተኑ፣ እንደገና እያሰለፉ ጊዜ ገዙ። እኔም አላስቸኮልኳቸውም። ልጃቸው በሕይወት አለ፣ ከወንዞቹ ማዶ ተቀምጦ ያስባል፣ ቀጥሎ የት ልርገጥ ይላል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ? ጸጉራቸውን ተላጩ። ጣራቸውን አዲስ ሣር አለበሱት። ፍራሽም ገዙ፤ ከገበያ ተሸክመው ሲያልፉ በመስኮት አሳዩኝ።

የጋምቤላው ማዕከል ትዕግሥቱ አለቀ። እናንተ ሰዎች ልታርሱ ነው ወይስ ልትጫወቱ አለ። በመጨረሻም በዳኝነት ሥልጣኑ አወጀ፤ ዛሬ ወረራው ካላበቃ ሁለቱም ከውድድሩ ወጥተዋል። ተከራከርኩት፣ ሰደብኩት፣ አልሰማ አለ። እውነቱን ለመናገር ደንብ ያለ ገደብ ምን ደንብ ነው? ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ዞሬ ለአባባ ነገርኳቸው። ከዚያ በቃ ጠይቂው አሉኝ። ምን ብዬ እንደምጠይቅም ነገሩኝ።

ቁልፉን ተጫንኩ። ዲማ፣ ዲማ፣ አቦቦ ነኝ፤ የአቦቦው ተጫዋች ‹ፈረስህ ውሃ ጠጣ ወይ› ይላሉ፣ ተቀበል አልኩ።

ሁለተኛ ልጠራ ስል የማላውቀው ድምፅ መጣ፤ ኦፕሬተሩ ማይኩን ለቆፋሪው ሰጥቶታል። ከንግግሩ ጎንደሬ ነው።

«ይኼን ቃል ከየት አገኛችሁት? ይኼ የጓደኛዬ ቃል ነው» አለ።

አባባ ቀና አሉ። ልጃቸው አይደለም፤ ድምፁን እንደሰሙ አውቀዋል። እኔ ግን አሁንም አልገባኝም። ጓደኛህ የት ነው አልኩት። ሰውየው እያቆራረጠ ነገረን፣ ጎግም ኢታንግም ጋምቤላም እየሰሙ። አብሮት የሚቆፍር ወሎዬ ነበር። ጨዋታውን ያስተማረው እሱ ነው፣ በዝናብ ወራት ጉድጓድ ውሃ ሲሞላ፣ ሥራ ሲፈታ። ፈረሱን አውጥቶ መመለስም ከጨዋታው ደንብ አንዱ መስሎት ነው የሚያደርገው፤ እንዲያ ነዋ የተማረው። ያ ወሎዬ ባለፈው ዓመት ጉድጓዱ ተንዶበት ሞቷል። እነሱ አውጥተው ቀብረውታል፤ በወጉ፣ በእስልምናው ሥርዓት።

አባባ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለው። አላለቀሱም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ቁልፉን ተጭኜ እዚህ ያሉት አባቱ ናቸው አልኩ።

ሰውየውም አለቀሰ መሰለኝ። ሲመለስ እንዲህ አለ፤ አባቴ፣ የእርስዎ አሰላለፍ አዲስ አልሆነብኝም ነበር፣ ልጅዎ ሁልጊዜ እኔን በእርስዎ ወገን ያስቀምጠኝና ‹አንተ አባቴን ሁን› ይለኝ ነበር። እርስዎ የሚያሰልፉትን እያስታወሰ በእጁ ያሰልፍልኛል። ያንን የሚሰብርበትን ሲፈልግ ከረመ። በኋላም አገኘው። ወርቅ ስንጨርስ አቦቦ ሄጄ አሳየዋለሁ፣ ከዚያ እታረቀዋለሁ ይል ነበር። ጨዋታውን እዚህ ላይ ልተውልዎት አባቴ፤ እርስዎ አሸንፈዋል አለ።

አባባ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ሬዲዮው ጎንበስ ብለው በራሳቸው አፍ ተናገሩ፤ ቁልፉን እኔ ያዝኩላቸው።

«አትተውብኝ። ያገኘውን ያሳየኝ።»

ከዚያም ወረራውን በገዛ እጃቸው አበቁት፤ ከጫፍ የቆመች መደቅ በሉ። ጠጠሮቻቸውን በጥንቱ አሰላለፋቸው፣ ልጁ በሚያውቀው፣ አቁመዋቸዋል። ዲማም መለሰ። ተራ በተራ ሄዱ፤ ሰውየው ‹እሱ እንዲህ ነበር የሚለው› እያለ፣ እኔ ወንዞቹን እየጠራሁ። ማዕከሉ ‹ደንብ› ብሎ አንድም ጊዜ አላቋረጠንም። ከዚያ ያ እንቅስቃሴ መጣ፤ ፈረሱ ዘልሎ በአባባ ሠራዊት መሐል ገባ፣ ንጉሡንና ፈርዙን ባንድ ጊዜ አስፈራራ። ጉድ ነው አልኩ። ልጁ በእርግጥ አግኝቶታል። ጨዋታው ያለቀ መሰለኝ።

አባባ ጎንበስ ብለው አዩት። እኔም አየሁ፣ መጀመሪያ አልታየኝም፤ ከዚያ ታየኝ። ጥጉ ላይ የአባባ ፊል ቆሟል። መሐል ያለውን መደቅ ዘልሎ ልክ ፈረሱ ላይ ያርፋል። ፈረሱ ከተበላ ዲማ የቀረው ምንም የለም። ልጁ ያን ሁሉ ሌሊት ሲያስብ ከርሞ ፊሉን አላየውም።

«አሁንም ይቸኩላል» አሉ አባባ። እንደ ሞተ ሰው አላወሩለትም፤ ከፊታቸው እንደተቀመጠ ነው ያወሩት። ፈገግ ብለው ነበር፤ እንባቸው ግን ጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር። እጃቸው ወደ ፊሉ ሄደ። ነካው፤ ተወው። ከዚያ ንጉሣቸውን በጣታቸው ገፋ አድርገው ጨርቁ ላይ አስተኙት።

«አሸንፎኛል በይለት» አሉኝ።

አልኩለት። ሰውየው ያንን ፊል አይቶት እንደሆነ አላውቅም፤ ‹እሺ› ብቻ አለ፣ ደግሞም ‹እነግረዋለሁ›። ማዕከሉ አሸናፊው ዲማ ነው ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወጀ። ያን ቀን አባባን እቤታቸው ድረስ ሸኘኋቸው። በመንገድ ላይ፣ አንድ ቀን እንኳ ብሸነፍለት ምን ነበረበት አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ሄድኩ።

በሳምንቱ ፍራሹን ለጎረቤት ሰጥተው ለእኔም ቀዩን ጨርቅ ሊተዉልኝ መጡ። አልቀበልም አልኩ፤ ይውሰዱት፣ አገርዎ ላይ ይጫወቱበት። የሚጠብቁት ስለሌለ ወደ ሚስታቸው ሊሄዱ ነው። ለእሷ ማን ይንገራት፣ እንዴት ይነገራል ብዬ ስጨነቅ አይተው እሳቸው አጽናኑኝ፤ አስበውበታል።

«በር ላይ ሳለሁ ‹ልጄስ?› ትለኛለች» አሉኝ። «መጀመሪያ፣ አሸነፈኝ እላታለሁ። ትንሽ ትሳቅበት። ሌላውን ከዚያ እነግራታለሁ።»

የጭነት መኪናው ላይ ወጥተው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ሚስታቸው ስቃ እንደሆነ የሰማሁት ነገር የለም።